እትዬ ካቴና ያነጠፉት አልጋ

እትዬ ካቴና የእስር ቤት ጠባቂ ነበሩ አሉ። ያለችው የማዶዋ ባለ ሱቅ ናት፤ እሷ ደግሞ የሰማችውን አታስቀርም፣ ያልሰማችውንም አትተውም። እንደ እሷ ወሬ ከሆነ እኚህ ሴትዮ ግማሽ ዕድሜያቸውን በሰው ላይ በር ሲቆልፉ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ እጃቸው ሥራ መፍታት አልችል ቢላቸው፣ ወጣቶች የሚታጎሩበት ቤት ፈልገው ገቡ። ማስረጃ ካላችሁ፣ ወገባቸው ላይ የሚንሿሿው የቁልፍ ቀለበት። "አረማመዳቸውንስ አላያችሁም? ኮሪደር ለኮሪደር የኖረ ሰው ነው" ትላለች። እዚህ ላይ እንኳ አልተሳሳተችም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ወሬው ለእሳቸው የደረሰው ሰፈሩን አዳርሶ፣ ቅጽል ስም ወልዶ፣ ቅጽል ስሙም ጥርስ ካወጣ በኋላ ነው። ሲሰሙ አልተቆጡም። "ካቴና ደህና ነው፤ ከዚህ የባሰም ተብያለሁ" ብለው ሳቁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጆቹ ፊት ለፊታቸው እትዬ ካቴና ይሏቸዋል፤ እሳቸውም "አቤት" ይላሉ።

እውነቱን ለመናገር እትዬ ካቴና በሰው ላይ በር ቆልፈው አያውቁም። የኖሩት ሆቴል ውስጥ አልጋ ሲያነጥፉ ነው። በልጅነታቸው ሰው ቤት ተቀጥረው፣ ወጥ ቤት ወለል ላይ እየተኙ አደጉ። ከፍ ሲሉ አንድ ሆቴል በአጽጂነት ገቡ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜ በሙሉ አንሶላ ነው። አንሶላ መግፈፍ፣ አንሶላ መዘርጋት፣ ጥጉን እንደ ፖስታ አጥፎ ፍራሹ ሥር መወሸቅ። እሳቸው ባነጠፉት አልጋ ላይ ዝንብ ብታርፍ ያዳልጣታል ይባል ነበር። መሃል ላይ ለአንድ ሾፌር ተዳሩ። ሰውየው አንድ ቀን ጠዋት መኪናውን አስነስቶ ሄደ፤ መንገዱ ረጅም ሆኖበት ነው መሰል እስካሁን አልተመለሰም። ልጅም አልወለዱ። ሰው ይህን አንስቶ ከንፈሩን ሊመጥላቸው ሲል "እኔ እኮ ማታ ማታ ሙሉ ፎቅ ሰው አስተኛ ነበር፤ የትኛዋ እናት ናት ይህን ያህል ያስተኛች?" ይሉታል። ከንፈሩ ተመጥጦ ሳያልቅ ወደ ሳቅ ይዞራል።

ሆቴሉ ተሸጦ አዲሱ ባለቤት ወጣት ወጣቱን ሲመርጥ፣ ቁልፍ የሚታመን ሰው የሚፈልግ ቤት አለ ተባለና መጡ። ቤቱ ደረጃው የተሸራረፈ አሮጌ ፎቅ ነው። የሚኖሩበት ልጆች ከማሳደጊያ "ዕድሜያችሁ ሞላ" ተብለው የወጡ፣ የእንጀራ አባት በር የዘጋባቸው፣ ከዘመድ ወደ ዘመድ ሲንከባለሉ ጎዳናው አፍ ላይ የደረሱ ናቸው። ለእያንዳንዳቸው አንድ ጠባብ ክፍል ይሰጣቸዋል፤ ውስጡ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና ቁም ሣጥን አለ፤ በሩም የራሱ ቁልፍ አለው። ሥራ ላይ ወይም ትምህርት ላይ ቆመው፣ ራሳቸውን ችለው ቤት እስኪከራዩ ድረስ ይኖሩበታል። ሕጉ ጥቂት ነው። ከሁሉ ጥብቁ ይህ ነው፤ ክፍሉ ለሚያድርበት ሰው ነው፣ የማያድርበት ይለቃል። ምክንያቱም ውጭ የሚጠብቅ ሞልቷል።

እትዬ ካቴና ደግሞ ማንም ያላጸደቀው የራሳቸው ሕግ አላቸው። አዲስ የገባ ልጅ የመጀመሪያውን ሳምንት አልጋውን አያነጥፍም፤ እሳቸው ናቸው የሚያነጥፉለት። "ሰው ደክሞት ሲገባ የተነጠፈ አልጋ ካገኘ፣ የሚያስበኝ አለ ይላል" ባይ ናቸው። አፏ ስለማያርፍ ሬዲዮ የምትባለዋ ልጅ ስትገባ እንዲሁ አነጠፉላት። እሷም በነጋታው ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች መጥታ "እትዬ፣ ቁርስ በስንት ሰዓት ነው የምታመጡልኝ?" ብላቸዋለች። በአንሶላ የተቀየመ ሰው እስከዚያ ድረስ አልነበረም።

ከዚያ ጎማ መጣ። ጎማ የሚሉት ጎሚስታ ቤት ስለሚሠራ ነው። ቀጭን፣ ዓይን አፋር፣ ድምፁ ተለምኖ ከጉሮሮው የሚወጣ ልጅ። አንድ ቦርሳ ይዞ ገባ፣ ቁልፉን በሁለት እጁ ተቀበለ፣ አደረ፣ ማለዳ ወደ ሥራው ሄደ። እሱ ከወጣ በኋላ እትዬ ካቴና ገብተው ቢያዩ ግድግዳ ጥግ ላይ እንደ ድመት ተጠቅልሎ ማደሩ ያስታውቃል፤ የቀረው አልጋ እንደ ነበር ነው። ስለዚህ ለዚህ ልጅ ጥበባቸውን ሁሉ አወጡ። ከቁም ሣጥን ያልተነካ አንሶላ አመጡ። ጥጉን አጠፉት። እግርጌ ላይ ፎጣ፣ ፎጣው ላይ አዲስ ሳሙና አኖሩ። ቦርሳው መሬት ላይ ተቀምጦ አዩት፤ ሆቴል የሰው ሻንጣ መሬት ላይ አይተውም፣ በሩ አጠገብ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። አነሱና በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጡለት። በሩን ቆልፈው፣ በራሳቸው ሥራ ደስ ብሏቸው ወረዱ።

ልጁ ከሰዓት ተመለሰ። ሬዲዮ ደረጃው ላይ ጠጉሯን እየሠራች ነበር፤ ሰላም ብሏት አለፈ፣ ብዙም ሳይቆይ ቦርሳውን አንግቶ ወጣ። "ወዴት ነው?" አለችው። "እዚሁ ነኝ" አላትና ሄደ። አልተመለሰም።

በማግስቱ እትዬ ካቴና ገብተው አልጋውን ሲያዩ መጀመሪያ ቅናት ያዛቸው። "ጉድ ነው፣ ከእኔ የባሰ አንጣፊ መጣ" አሉ። ጠጋ ብለው ጥጉን ሲያዩት ግን የገዛ እጃቸው እጥፋት ነው። ሳሙናው እንደተጠቀለለ አለ። ቦርሳው የለም። ቢሆንም ገፈው እንደገና አነጠፉት፤ ማን ያውቃል፣ ዛሬ ከመጣስ? በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ አደረጉ። ማንም ያልተኛበትን አልጋ በየቀኑ የሚያነጥፍ ሰው፣ ባለ ሱቋ ብታውቅ ኖሮ ሌላ ቅጽል ስም ይወጣለት ነበር።

ሬዲዮ ዜና አላት። "ከሰዓት ከሰዓት በሩ ጋ ይመጣል እኮ። እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ይቆማል፣ ይቆማል፣ ከዚያ ይሄዳል። እያጠናን እንዳይሆን እትዬ።"

"አንቺን አጥንቶ ምን ሊያተርፍ?" አሏት። ነገሩ ግን ከነከናቸው። ወደ ቤቱ አስተባባሪ ቢሮ ወረዱ። አስተባባሪዋ ወጣት ናት፤ ስልኳና እሷ አብረው የተወለዱ ነው የሚመስለው።

"ደውዬለታለሁ" አለች። "ራሱ ነው 'ይቅርታ፣ ቁልፉን አመጣለሁ' ያለኝ። ከዚህ በላይ ምን ይበለኝ?"

"'ለምን?' አላልሽውም?"

"አልኩት። 'ችግር የለም' አለኝ።"

"ችግር የሌለበት ሰው እዚህ ምን ሊሠራ ይመጣል ልጄ?"

አስተባባሪዋ ልትስቅ ብላ ተወችው። "እትዬ፣ አውቶቡስ ጣቢያ የምታድር ልጅ አለች። በየቀኑ ትደውልልኛለች። ባዶ አልጋ አስቀምጬ ምን ልበላት? እስከ ዓርብ እጠብቃለሁ። ዓርብ ጠዋት ክፍሉ የእሷ ነው፤ ነግሬያታለሁም።"

ልክ ናት፤ እትዬ ካቴናም ልክ መሆኗን ያውቃሉ። ግን ቤት የማይፈልግ ሰው ለምን በሩ ጋ መጥቶ ይቆማል? ነጠላቸውን አደረጉና ወደ ጎሚስታው ሄዱ።

ባለ ጎሚስታው አንድ የጭነት መኪና ጎማ ሥር ተንበርክኮ ሲታገል አገኙት።

"ልጁን ፈልጌ ነበር" አሉት።

"ከውስጥ ነው። እናቱ ነዎት?"

"አልጋ አንጣፊዋ ነኝ።"

ሰውየው ቀና ብሎ አያቸው። መልሱ ባይገባውም የሚለው ስለነበረው አለፈው። "እንግዲያው ይቅርታ ያድርጉልኝና እናቴ፣ ምን ዓይነት ቤት ነው ትናንት ሰጥቶ ዛሬ የሚነጥቅ? ልጁ እዚህ ጎማ ክምር ላይ ነው የሚተኛው። ቤት አልሰጡህም እንዴ ብዬ ብጠይቀው 'ለሌላ ሰው አደረጉት' ይለኛል። አንጀቴን ነው የበላው።"

"ማን ነው ለሌላ ሰው ያደረገው?"

"እኔ ምን አውቄ? የእናንተው ሰዎች ናቸው እንጂ።"

ልጁ ድምፃቸውን ሰምቶ ወጣ። እጁ እስከ ክንዱ ግሪስ ነው። ሲያያቸው ደንግጦ ከኪሱ ቁልፉን አወጣና በሸሚዙ ጠርዝ ጠራርጎ ዘረጋላቸው። "ላመጣው ነበር እትዬ። በሩ ጋ እደርስና አፍሬ እመለሳለሁ።"

እሳቸው ቁልፉን አልተቀበሉም። "ክፍልህን ለሌላ ሰጥተናል ያለህ ማን ነው?"

"ማንም አላለኝም። አየሁት።"

"ምኑን አየኸው?"

"አልጋው ተነጥፎ ነበር።"

"ታዲያ ቢነጠፍስ?" አሉት እትዬ ካቴና። ልጁ እንዳልገባቸው ሲያይ፣ ትልቅ ሰው ላለማሳፈር ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አጎቴ ቤት ሳሎን ነበር የምተኛው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ፍራሼ ላይ አዲስ አንሶላ ተነጥፏል። የሚስቱ ወንድም ሊመጣ ነው ለካ። ቦርሳዬ በሩ ጋ ነበር። አክስቴ ቤትም እንደዚያው ሆነ። ማንም ሂድ አላለኝም። እኔ አልቀየምም እትዬ፣ ሰው በአፉ ሂድ ማለት ይከብደዋል። አልጋ ያነጥፋል፣ ቦርሳ በር ጋ ያስቀምጣል። ይገባኛል።"

እትዬ ካቴና በሕይወታቸው ካነጠፉት አልጋ ሁሉ እንደዚያኛው ተጨንቀው ያነጠፉት የለም። ያ የኮሩበት ጥግ፣ ያ ሳሙና፣ ያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ቦርሳ ሁሉ አንድ ላይ ሆኖ ልጁን በጨዋ ደንብ "ውጣ" ብሎታል።

"እኔ ነኝ ያነጠፍኩት" አሉ። "ለአንተ ነው ያነጠፍኩት። እንግዳው አንተ ነበርክ።"

"እሺ እትዬ" አለ።

እሺ ብዙ ዓይነት ነው። የሚሠራ እሺ አለ፣ የሚያስታግስ እሺ አለ፣ ደግሞ "እንዳይከፋኝ ብለው ነው፣ ደግ ሴት ናቸው" የሚል እሺ አለ። ይኸኛው የመጨረሻው ነበር።

"እሺ አትበለኝ።"

"እሺ።"

ባለ ጎሚስታው ከጎማው ሥር ሳቀ። እትዬ ካቴና አልሳቁም። አጎቱስ፣ አክስቱስ "ቤትህ ነው" ሳይሉት ቀርተው ነው? ይህን ልጅ አፍ አይመልሰውም። "ወንድሜ፣ ለዛሬ ልውሰድልህ" ብለው ባለ ጎሚስታውን አስፈቀዱና ልጁን በእጅጌው ይዘው ሄዱ። ቦርሳውን እሱ ያዘ።

ክፍሉ በር ላይ ሲደርሱ ልጁ ደፉ ላይ ቆመ። አልጋው ተነጥፎ፣ ነጭ ሆኖ፣ ተወጥሮ ይጠብቃል፤ ጠዋት እንደገና ሠርተውታል።

"አፍርሰው" አሉት።

"ምኑን?"

"አልጋውን ነዋ። እኔ ነኝ ያነጠፍኩት፣ አንተ አፍርሰው።"

ልጁ እጆቹን አሳያቸው። "ግሪስ ነው እትዬ።"

ሆቴል ቢሆን ኖሮ በአንዲት ጠብታ ሻይ አለቃቸው ቀኑን ሙሉ ሲጮህባቸው ይውል ነበር። እትዬ ካቴና ወደ አልጋው ሄዱ፣ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው አንዱን ጥግ ከፍራሹ ሥር መነጨቁት። የገዛ ቤታቸውን ጣሪያ የሚያነሱ ያህል ነው የተሰማቸው። ብርድ ልብሱን ጎተቱት። ትራሱን ወለሉ ላይ ወረወሩት፤ ሲወድቅ ጠማማ ስለሆነባቸው ጎንበስ ብለው አስተካከሉት።

"እትዬ" አለ ልጁ።

"ውይ፣ አመል ሆኖብኝ" አሉና በእግራቸው ገፉት።

ልጁ ትንሽ ሳቀ። ገባ። ሌላኛውን ጥግ ያዘና ሳበ። ግሪሱ አንሶላው ላይ አራት ጣት ሆኖ ወጣ። ደንግጦ አያቸው፤ እሳቸው ደግሞ ልባቸው ስንጥቅ እያለ "በርታ" አሉት። ከዚያ በኋላ አላስፈለገውም፤ ፍራሹ እስኪታይ ድረስ አፈረሰው። ሲጨርስ ሁለቱም ቆመው ያለከልካሉ።

"ቦርሳህን የት ልታስቀምጥ ነው?"

አሰበበት። ከዚያ ተንበርክኮ አልጋው ሥር፣ እስከ ግድግዳው ድረስ ገፋው።

"ከዛሬ ጀምሮ ይህን አልጋ አንጥፎ የሄደ ሰው ካየህ ሌባ ነው ብለህ ጩህ" አሉት። "እኔም ብሆን።"

አስተባባሪዋ ታሪኩን ስትሰማ መጀመሪያ በሳቅ ፈነዳች፣ ቀጥሎ ራሷን ያዘች። "ለልጅቷ ዓርብ ብያታለሁ እኮ እትዬ። እሱ ካደረበት የእሱ ነው፣ እሺ። ግን በዓይኔ ማየት አለብኝ። ተለምኖ መጥቶ በማግስቱ የሚወጣ ስንት አይቻለሁ መሰለዎት።" ዓርብ ማለት ነገ ነው።

ይህም ባልከፋ። ግን የቤቱ ሬዲዮ ሥርጭቷን አላቋረጠችም። ጎማን ደረጃው ላይ አግኝታ፣ ደስ ያሰኘችው መስሏት "ዕድለኛ ነህ፤ ክፍልህን እኮ አውቶቡስ ጣቢያ ለምታድር ልጅ ሊሰጧት ነበር፣ ነገ ልትገባ ነበር" ብላዋለች።

"ምን አለ ታዲያ?" አሉ እትዬ ካቴና፣ ራሷ መጥታ ስትነግራቸው።

"ምንም። እሺ አለ።"

"የትኛውን እሺ?"

"እሺ ስንት ነው?" አለች ሬዲዮ።

እትዬ ካቴና ልጁን አውቀውታል። ሰው ላለማስቸገር ጎማ ላይ የሚተኛ ልጅ፣ ሌላ ሰው ውጭ ያድራል ሲባል ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ጥንቆላ አይፈልግም። ሳይነጋ ይነሳል። አልጋውን ራሱ ያነጥፋል፣ እንዲያውም አይቷልና ጥጉን እንደ ፖስታ ያጥፈዋል። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። አንድም ሰው ሳይቀሰቅስ በእግሩ ጣት ረግጦ ይወጣል። ሄደው "እንዳትሄድ" ሊሉት አሰቡ፤ ያው "እሺ" ሊላቸው ነው ብለው ተዉት።

ዓርብ ጠዋት አስተባባሪዋ ፊት ለፊት፣ እሳቸው ከኋላ ሆነው ደረጃውን ወጡ። ሬዲዮ የጥርስ ቡሩሽ አፏ ውስጥ እንደ ሰካች ተከተለች፤ ወሬ ሲወለድ ከአዋላጁ በፊት ትደርሳለች። እትዬ ካቴና አንኳኩ። መልስ የለም። ደግመው አንኳኩ። ልጁ ሥራ የሚገባበት ሰዓት አልፏል፤ ለቆ ሄዶም ቢሆን፣ ለሥራ ወጥቶም ቢሆን እዚህ ሊኖር አይችልም። ቀለበታቸውን አዙረው ሁለት የማይሆን ቁልፍ ሞከሩ። አስተባባሪዋ "ላግዝዎት?" ብትላቸው አልሰሙም።

በሩ ሲከፈት ዓይናቸው መጀመሪያ የሄደው ወደ ወንበሩ ነው። ወንበሩ ባዶ ነው። ጠረጴዛውም ላይ ቁልፍ የለም።

ልጁ አልጋው ላይ አግድም ተጋድሟል። አንድ እግሩ ግድግዳው ላይ ወጥቷል፣ አንዱ ከፍራሹ ተንጠልጥሏል። አንሶላው እንደ ሻርፕ አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል፣ ብርድ ልብሱ መሬት ላይ ነው፣ ትራሱ የት እንደገባ አይታወቅም። አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል፤ እንደዚያ ካለ ቀጭን ደረት ያ ሁሉ ድምፅ ይወጣል ብሎ የሚገምት የለም። የቦርሳው ዕቃ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ገብቶ፣ አንድ ካልሲ መዝጊያው መሃል ተቀርቅሮ ቀርቷል።

አስተባባሪዋ ብዙ ቆማ አየችው። ከዚያ ዞራ ወረደች፤ ደረጃው መሃል ስትደርስ ስልኳን አወጣች። "ሄሎ፣ የኔ ቆንጆ... አይ፣ አልተለቀቀም። አውቃለሁ። አውቃለሁ እኮ። ዛሬውኑ ሌላ ቦታ እሞክርልሻለሁ፣ ስልክሽን እንዳትዘጊው" ስትል ድምፅዋ ከታች ተሰማ።

እትዬ ካቴና ደፉን አልተሻገሩም። መሬት ላይ የወደቀው ብርድ ልብስ አንድ ጫፉ እግራቸው ድረስ መጥቷል። ጎንበስ አሉ፣ ጣታቸው ነካው፣ ተዉት፣ ቀና አሉ። ትንሽ ቆይተው እንደገና ጎንበስ አሉ፣ እንደገና ቀና አሉ። ወደ ሬዲዮ ዞሩ፤ ሬዲዮ አፏ በአረፋ ተሞልቷል። ልጁ ያንኮራፋል።

"እንግዲህ እኔ ይሄን እጄን የት ላድርገው?" አሉ።